እጁ ከመሪው፣ ልቡ ከስልኩ

መኪናና ስልክ ለሰው ልጅ በየፊናቸው ከፍ ያለ አገልግሎት የሰጡ መሣሪያዎች ናቸው። መኪና ሰውን ወደ ሰው ያደርሳል፤ ስልክ ደግሞ የሰውን ድምፅ ብቻ ነጥሎ ያደርሳል። ሁለቱ በአንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ግን አንደኛው የሌላውን ሥራ ማወኩ አይቀርም። ይህንን ችግር ያስወግዳል ተብሎ የተሠራው መሣሪያ፣ ስልክን በእጅ ሳይዙ በመኪና ውስጥ ለመነጋገር የሚያስችለው፣ በተለምዶ «ሃንድስ ፍሪ» የሚባለው ድምፅ ማጉያ ነው። መሣሪያው ጥቅም እንዳለው አይካድም። ይሁን እንጂ አንድ መኪና በብዙ ሾፌሮችና በብዙ ስልኮች መካከል በሚዘዋወርበት ጊዜ፣ ችግሩን በእርግጥ ያስወግደዋል ወይስ ከእጅ አንሥቶ ወደ ልብ ያዛውረዋል? የሚለው ጥያቄ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል።

በመኪና ውስጥ ስልክ መነጋገር ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም። በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በመኪና ላይ የሚገጠም የስልክ አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነበር። የዚያን ዘመን መሣሪያ 36 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ስለ ነበር፣ ከመኪናው ጋር እንጂ ከሰው ጋር የሚሄድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርቲን ኩፐር የተባለ የሞቶሮላ ኩባንያ መሐንዲስ በእጅ የሚያዝ ስልክ ይዞ በኒውዮርክ ጎዳና ላይ ሲነጋገር፣ ስልክ ከመኪና ተለይቶ የሰው የግል ዕቃ ለመሆን መንገዱን ጀመረ። ይህ ለውጥ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ቢመስልም ውጤቱ ከባድ ነው። ቀድሞ አንድ መኪና አንድ ስልክ ነበረው፤ ዛሬ ግን ወደ አንድ መኪና የሚገቡት ስልኮች የተሳፋሪዎቹን ቁጥር ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጡ ናቸው።

ስልኩንና ድምፅ ማጉያውን ያለ ሽቦ የሚያገናኘው ዘዴ ብሉቱዝ ይባላል። ስያሜው በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዴንማርክን ከገዛው ከንጉሥ ሃራልድ ቅጽል ስም የተወሰደ ሲሆን፣ ዘዴውን ለማስፋፋት ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይቢኤም፣ ኢንቴልና ቶሺባ የተባሉት ኩባንያዎች በማኅበር የተባበሩት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። ድምፅ መቀበያና ድምፅ ማጉያ ያለው አንድ ትንሽ ዕቃ ከሾፌሩ ራስ በላይ ባለው የፀሐይ መከላከያ ላይ ይሰካል፤ ወይም ከመኪናው ራዲዮ ጋር አብሮ ይሠራል። ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሣሪያው ጋር ሲተዋወቅ ባለቤቱ ፈቃዱን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ግን መሣሪያው ያንን ስልክ ስለማይረሳው፣ በቀረበ ቁጥር ሌላ ፈቃድ ሳይጠይቅ ይገናኘዋል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የበርካታ ስልኮችን ማንነት መዝግበው ይይዛሉ፤ ከእነዚህም መካከል በአንድ ጊዜ ከሁለት ስልኮች ጋር የሚገናኙ አሉ። የሚገናኙበትም ርቀት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 10 ሜትር ድረስ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገር አለ። መሣሪያው የሚያውቀው ስልክን እንጂ ሰውን አይደለም። መሪውን የያዘው ማን እንደ ሆነ፣ ከኋላ የተቀመጠው ማን እንደ ሆነ፣ ከመኪናው ወርዶ በር ላይ የቆመውም ማን እንደ ሆነ ለይቶ አያውቅም። አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚፈልገው ባለፈው ጊዜ የተገናኘውን ስልክ ነው። መኪናው የአንድ ሰው ብቻ ሲሆን ይህ ጠባይ ጉዳት የለውም። መኪናው የጋራ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል።

ይህንንም ለመረዳት የካርቱምን ኑሮ መመልከት ይጠቅማል። ካርቱም ነጭ ዓባይና ከጣና የሚነሣው ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከኦምዱርማንና ከባሕሪ ጋር የምትገናኘው በድልድዮች ስለ ሆነ፣ ለሥራ የሚወጣ መኪና በቀን ውስጥ ወንዙን ደጋግሞ መሻገሩ የተለመደ ነበር። ከተሳፋሪ ማመላለሻዎቹም መካከል ባለ ሦስት እግሩ ረክሻና አምጃድ የሚባሉት ትንንሽ መኪኖች ይገኙባቸው ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ በሱዳን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ኋላም ዜይን፣ ኤምቲኤንና ሱዳኒ የተባሉት ድርጅቶች ገበያውን ተካፍለውት ነበር። ከዚህም የተነሣ የአንዱ መስመር ቢጠፋ በሌላው ለመነጋገር፣ ወጪም ለመቀነስ ሲባል ሁለት መስመር የሚይዘው ሰው ጥቂት አልነበረም። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን የአበው ምክር የካርቱም ነዋሪ በስልኩ ይፈጽመው ነበር ለማለት ያስደፍራል።

በዚያች ከተማ፣ በተለይም በደይም ሰፈር፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ነበር። ከሀገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው ስልክ የሥራ ዕቃ ብቻ አይደለም። በአንዱ ስልክ ደንበኛው ይጠራዋል፤ በሌላው ደግሞ ከጎንደር ወይም ከመቀሌ እናቱ ትጠራዋለች። የደንበኛውን ጥሪ ቢያልፈው የዕለት እንጀራው ይቀራል፤ የእናቱን ጥሪ ቢያልፈው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ «ምን ደርሶ ይሆን?» እያለ ሲጨነቅ ያድራል። እንግዲህ «መሪ ይዘህ ስልክ አትመልስ» የሚለው ምክር ትክክል ቢሆንም፣ ለእንዲህ ያለው ሰው መፈጸሙ እንደ መናገሩ ቀላል እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል፣ ሁለት ባልንጀሮች አንድ አምጃድ በጋራ ይዘው፣ አንዱ ቀን፣ ሌላው ማታ እየነዱ ይተዳደራሉ ተብሎ ቢታሰብ፣ ችግሩ በግልጽ ይታያል። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ስልክ አላቸው፤ በመኪናው ውስጥ ያለው ድምፅ ማጉያም አራቱንም ስልኮች መዝግቧል። ፀሐይ ስትጠልቅ የቀኑ ሾፌር መኪናውን አስረክቦ በር ላይ ቆሞ ገንዘቡን ይቆጥራል። የማታው ሾፌር ተሳፋሪዎችን ጭኖ ሞተሩን ያስነሣል። በዚያች ቅጽበት ስልክ ይጮኻል። የማታው ሾፌር የራሱ ጥሪ መስሎት ቁልፉን ይጫናል። መሣሪያው ግን የተገናኘው በር ላይ ከቆመው ሰው ስልክ ጋር ነው። «ልጄ፣ አባትህ በጠና ታመዋል» የሚል የእናት ድምፅ በመኪናው ውስጥ ይሰማል። ሰሚው ልጇ አይደለም፤ ልጇ ግን ከስምንት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ አልሰማም። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ የማይመለከታቸውን ምሥጢር ሰሙ። መኪናውም በደነገጠ ሰው እጅ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ መሣሪያው አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል። ጉድለቱ የደረሰው መሣሪያውን በጋራ የያዙት ሰዎች አስቀድመው ባለመስማማታቸው ነው። በጋራ የሚያርሱ ገበሬዎች በሬው በማን ቀን እንደሚጠመድ፣ ቀንበሩን ማን እንደሚያነሣ ይነጋገራሉ። በጋራ ዕቁብ የሚጥሉ ሰዎች ተራቸውን ያውቃሉ። ታዲያ የሰው ሕይወት በሚጫንበት መኪና ውስጥ የማን ስልክ እንደሚገናኝ ሳይነጋገሩ መንዳት ምን ዓይነት ቸልተኝነት ነው?

ሁለተኛውና ከዚህ የሚከብደው ነገር የልብ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰዎች አደጋ የሚመጣው ስልክን በእጅ ከመያዝ ብቻ ይመስላቸዋል። በመሆኑም እጃቸው ከመሪው ካልተለየ ከአደጋ የዳኑ አድርገው ይቈጥሩታል። በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ የመኪና ግጭት የደረሰባቸውን 699 ባለ ስልክ ሾፌሮች የስልክ መዝገብ የመረመሩ ሁለት አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ጽሑፍ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ሾፌሩ በስልክ በሚነጋገርበት ጊዜ የግጭቱ ዕድል በአራት እጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ስልኩን በእጁ ያልያዘውም ሾፌር ከያዘው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። በአውስትራሊያ፣ በፐርዝ ከተማ፣ በአደጋ ምክንያት ሐኪም ቤት የመጡ 456 ሾፌሮች ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ውጤትም ከዚሁ ጋር ይስማማል።

በእርግጥ በዚህ አስተያየት የማይስማሙ ሰዎች አሉ። በመኪና ውስጥ ካሜራ ተክለው የሾፌሮችን የዕለት ተዕለት አነዳድ የተከታተሉ አጥኚዎች፣ ከሁሉ የከፋው ዓይንን ከመንገድ ማንሣት፣ ይኸውም ቁጥር መፈለግና መልእክት መጻፍ መሆኑን ገልጸዋል። ይህም እውነት ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ ድምፅ ማጉያው ዓይንን ከመንገድ የማያነሣ እስከ ሆነ ድረስ፣ ስልክን በትከሻና በጆሮ መካከል አጣብቆ ከመንዳት መሻሉን መቀበል ተገቢ ነው። ነገር ግን ከባሰው የተሻለ ሁሉ ደግ ነው ማለት አይደለም። በተጨማሪም ሁለትና ሦስት ስልክ የሚያገናኝ መሣሪያ ሾፌሩን «የትኛው ነው የጮኸው? ማን ነው የጠራኝ?» እያሰኘ ዓይኑን ከመንገድ ወደ መሣሪያው መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ ስልኩ በበዛ ቁጥር የመሣሪያው ጥቅም ይቀንሳል።

አንዳንዶች ደግሞ «ሾፌር ከጎኑ ከተቀመጠ ሰው ጋር ይጨዋወት የለምን? ከስልኩ በምን ይለያል?» ብለው ይጠይቃሉ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። በጋቢና የተቀመጠ ሰው መንገዱን ከሾፌሩ ጋር አብሮ ያያል። ሕፃን ወደ አስፋልቱ ሲሮጥ፣ የጭነት መኪና ከፊት ሲመጣ ነገሩን አቋርጦ ዝም ይላል፤ አልፎ ተርፎም «ተጠንቀቅ!» ይላል። በስልክ የሚናገር ሰው ግን መንገዱን አያይም። ሾፌሩ በድልድይ ላይ ይሁን በመታጠፊያ፣ በጨለማ ይሁን በዝናብ አያውቅም። ስለዚህ ሾፌሩ ዝም ማለት በሚገባው ሰዓት «አትሰማኝም ወይ?» እያለ መልስ ይጠይቀዋል።

በዚህ ላይ የሰላምታ ባህል ሊታሰብ ይገባል። ኢትዮጵያዊ ስልክ ሲያነሣ ወዲያው ወደ ጉዳዩ አይገባም። «እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ልጆቹ ደኅና ናቸው? ሥራው እንዴት ይዞሃል?» ይባላል፤ ከወዲያም ያው ይመለሳል። ይህ ሰው ለሰው ያለውን ክብር የሚገልጽ መልካም ልማድ ነው፤ ሊጠላም አይገባውም። ሆኖም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ደቂቃ ውስጥ ልክ 1 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሰላምታው ብቻ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሾፌሩ ገና ጉዳዩን ሳይሰማ አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ በግማሽ ልብ ነድቷል ማለት ነው። በዚያች ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት ሕፃን መንገድ ይሻገራል?

ከሰላምታውም በላይ የሚያስጨንቀው የመርዶ ነገር ነው። በሀገር ባህል መርዶ እንደ ዘበት አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ብዙውን ጊዜ በማለዳ፣ ሰውዬው በቤቱ ሳለ፣ የሚደግፈው ሰው በአጠገቡ ተቀምጦ ይረዳል። አበው ይህንን ሥርዓት ያበጁት ድንገተኛ ኀዘን የሰውን ጉልበትና ልብ እንደሚያጠፋ ስለሚያውቁ ነው። በመኪና ውስጥ ያለው ድምፅ ማጉያ ግን ይህንን ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ቅጽበት ሊያፈርሰው ይችላል። በነጭ ዓባይ ድልድይ ላይ ዳር የሚይዝበት ስፍራ አጥቶ፣ ከፊትም ከኋላም መኪና ከቦት፣ በጀርባው የሰው ልጅ ጭኖ የሚሄድ ሾፌር የአባቱን ሞት ቢሰማ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

እንግዲህ የዚህ ጉዳይ ኀላፊነት በሾፌሩ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። ሕጉ የሚይዘው ሾፌሩን ነው። በኢትዮጵያም በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ በእጅ ስልክ ይዞ እየተነጋገረ የሚያሽከረክር ሰው በጥፋተኝነት እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። ይህ የሚገባ ነው። ነገር ግን ለአንድ ንግግር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሠራተኛው በመንገድ ላይ እንዳለ እያወቀ ደጋግሞ የሚደውል አሠሪ፣ «ለምን ቶሎ አላነሣህም?» ብሎ የሚቆጣ ደንበኛ፣ «የት ደረስክ?» እያለ በየአምስት ደቂቃው የሚጠራ ወዳጅ፣ ሁሉም በአደጋው ድርሻ አላቸው። ሾፌሩ ስልኩን የሚያነሣው ብዙውን ጊዜ ከጨዋታ ፍቅር ሳይሆን ከሥራው እንዳይባረር በመፍራት ነው። ስለዚህ ሾፌሩን ብቻ እየወቀሱ ደዋዩን ማለፍ ግማሽ ፍርድ ይሆናል።

ለዚህም መፍትሔው ውድ ዕቃ መግዛት አይደለም። በጥቂት ነገሮች ላይ መስማማት ይበቃል። አንደኛ፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ከመሣሪያው ጋር የሚገናኘው የነጂው ስልክ፣ እርሱም አንድ ስልክ ብቻ መሆን አለበት፤ የሌሎቹ ብሉቱዝ ይዘጋ። ሁለተኛ፣ መኪና የሚያስረክብ ሾፌር ቁልፉን ሲሰጥ ስልኩንም ከመሣሪያው ማላቀቅ ይገባዋል። መኪናው የኪራይ ወይም የመሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ የስልኩን ስምና ከስልኩ ወደ መኪናው የተገለበጠውን የሰዎች ዝርዝር ሁሉ አጥፍቶ ይውረድ፤ የወዳጅ ዘመድን ስም ለማያውቁት ሰው ትቶ መሄድ አደራ መብላት ነውና። ሦስተኛ፣ ደዋይ ከሰላምታው በፊት «መሪ ላይ ነህ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ሾፌሩም «አዎን፣ ቆሜ እደውላለሁ» ብሎ ይዝጋ። ይህ እንደ ንቀት ሊቈጠር አይገባም፤ የሰውን ሕይወት ከማክበር የሚበልጥ ሰላምታ የለምና። አራተኛ፣ ክፉ ወሬ ለሾፌር በመንገድ ላይ ፈጽሞ አይነገር። የግድ አስቸኳይ ከሆነም ለረዳቱ ወይም አብሮት ለሚጓዘው ሰው ይነገርና መኪናው ዳር ከያዘ በኋላ ይረዳ።

«ሰውን ሁሉ እንዲህ ባለ ነገር ማስማማት እንዴት ይቻላል?» የሚል ጥርጣሬ ይነሣ ይሆናል። የመንገድ ታሪክ ግን መቻሉን ያስረዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና ቀድሞ በግራ በኩል ይነዳ ነበር፤ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተዛወረ። ሱዳንም ይህንኑ ለውጥ በ1965 ዓ.ም. አደረገች። በሁለቱም ሀገሮች በአንድ ቀን የተለወጠው መንገዱ አልነበረም፤ የተለወጠው የሰዎች ስምምነት ነበር። ትናንት በግራ የነዳው ሾፌር ዛሬ በቀኝ የነዳው፣ ከፊቱ የሚመጣው የማያውቀው ሰውም እንደዚያው እንደሚያደርግ ስላመነ ነው። የመንገድ ደኅንነት ምን ጊዜም በዚህ ዓይነት እምነት ላይ የተመሠረተ ነው። ይህንን የሚያህል ልማድ መለወጥ ከተቻለ፣ «መሪ ላይ ነህ ወይ?» የምትለዋን አጭር ጥያቄ ማስለመድ አያቅትም።

የካርቱም ኑሮ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ተናውጧል። ብዙ ነዋሪዎች ከተማዪቱን ጥለው ሲሰደዱ፣ ከኢትዮጵያውያኑም ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ ሀገራቸው ገብተዋል። የሁለት መስመር ልማድ ግን በኢትዮጵያም እየተስፋፋ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ሁለት መስመር መያዝ ለብዙ ሰው ተችሏል። ስለዚህ በካርቱም ጎዳናዎች ላይ የታየው ነገር በአዲስ አበባም፣ በባሕር ዳርም ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ገና መኪና አይነዳም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የማይመለከተው ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ተማሪውም ደዋይ ነው። አባቱ ወይም ወንድሙ መሪ ይዞ ሳለ ወደ እርሱ የሚደውል፣ በአባቱ መኪና ተሳፍሮም የራሱን ስልክ ከድምፅ ማጉያው ጋር የሚያገናኝ እርሱ ነው። ሁለት ባላ መትከል ለስልክ መልካም ምክር ነው፤ የሾፌር ልብ ግን አንድ ነው፤ በሁለት ባላ ሊንጠለጠልም አይችልም። ስለሆነም ያቺን አንዲት ልብ ለመንገዱ መተው ከሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ከሚደውልለት ሰው ሁሉ የሚጠበቅ ግዴታ ነው።